አሸዋው ይቅደም

ልዑልቃል ተቀምጦ ማኪያቶ መጠጣት አይችልም። ካዛንቺስ ካፌ ሲገባ ቆሞ ይጠጣል፣ ሳይጨርስ ከፍሎ ይወጣል፣ ኦሎምፒያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል። ታክሲ ውስጥ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በርዶት ነው ወይስ ተናዶ ብሎ ያየዋል። ሰውነቱ የሚረጋው ሁለት ነገር ሲሠራ ብቻ ነው፦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የፎቅ መስታወት ሲያጥብና ፓራሹት ሲያጥፍ።

መስታወቱ መተዳደሪያው ነው። ፓራሹቱ ከዱባይ የመጣ ነው። እዚያ ከከተማ ወጣ ባለ በረሃ፣ ቱሪስቶች ከአውሮፕላን የሚዘሉበት ቦታ ላይ ዓመታት ፓራሹት አጣፊ ሆኖ ሠርቷል። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ የማያውቀውን ሰው ሕይወት ሲያጥፍ ይውል ነበር። በኋላ መዝለልም አስተማሩት። አጣፊዎቹ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ገደል ይሄዱ ስለነበር እሱም አብሯቸው መሄድ ጀመረ። ከገደል፣ ከድልድይ፣ ከፎቅ የሚዘለልበት ፓራሹት እንደ አውሮፕላኑ አይደለም። መጠባበቂያ የለውም። ካልተከፈተ፣ አልተከፈተም። ሥራ ለቆ አገሩ የሚገባ አንድ ቦስኒያዊ፣ ጉልበቴ አልቋል ብሎ የራሱን ሰጠው። ልዑልቃል አዲስ አበባ ሲገባ ከሻንጣው ግማሹን የያዘው ያ ፓራሹት ነበር።

ከመጣ በኋላ ግን አልዘለለም። በየወሩ ዘርግቶ ያናፍሰዋል፣ መልሶ ያጥፈዋል። በኋላ ጨርቆስ ያከራዩት ሴትዮ ብርድ ልብስ መስሏቸው፣ ይሄን ሁሉ ብርድ ልብስ ብቻህን ምን ታደርገዋለህ ብለውታል። ካዛንቺስ ፎቅ ሞልቷል፤ ከየፎቁ ሥር ግን የመብራት ሽቦ፣ ቆርቆሮ፣ መኪናና ሰው አለ። የሚታረፍበት ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ።

የተወለደበት ግቢ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ጎረቤት በአንድ ሰሞን ተነሡ። ሰዉ ከተማ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ልዑልቃል ጨርቆስ አንድ ክፍል ተከራየ። ፍርስራሹ ተጭኖ ሲያልቅ ሰፊ ባዶ መሬት ቀረ። ዳሩ ላይ ኮንትራክተሩ ጀምሮ የተወው ጂ ፕላስ አሥራ ስምንት ቆሟል፤ ኮንክሪቱ አልቋል፣ መስታወት አልገባለትም።

አንድ ጠዋት ከማዶ ካለው ሆቴል ላይ መስታወት እያጠበ ፊቱን አዞረ። ፎቁንና መሬቱን አንድ ላይ አያቸው። ስፖንጁ ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

ዕቃ ከከፍታ መጣል በእነሱ ሥራ ነውር ነው። ከጣሪያው ዘርአይ ምን ሆንክ ብሎ ተጣራ። ምንም አልሆንኩም አለው።

ዘርአይ የሥራ ጓደኛው ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ጣሪያ ላይ ሆኖ ገመድ ይጠብቃል፤ በተራ ነው። መሬት ላይ ተጫዋች ሰው ነው፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን ጨዋታውን ታች ትቶ ነው። ሁለት ደንብ አለው። ገመድ አዲስ ቦታ ከታሰረ መጀመሪያ የሚወርደው አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ነው፤ ሰው ከአሸዋው በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ላይ ያለው ሰው "ያዝኩህ" ሳይል የሚወርደው ሰው ከጠርዝ አያልፍም። ልዑልቃል ሁለቱንም ደንብ አፍርሶ አያውቅም።

አሁን ያስቸገረው ፓይለቱ ነበር። አጣፊዎች ፓይለት የሚሉት ትንሿን ክብ ጃንጥላ ነው። ፓራሹቱ ከጀርባ ከረጢት ውስጥ በራሱ አይወጣም፤ ዘላዩ ፓይለቱን በእጁ ይዞ ይዘላል፣ ወደ ጎን ይወረውረዋል፣ ፓይለቱ ንፋስ ሞልቶት በረጅም ጥብጣብ ፓራሹቱን ይጎትታል። ንፋሱ የሚመጣው ደግሞ ከመውደቁ ነው። ከረጅም ገደል የዘለለ ሰው ብዙ ስለወደቀ ፍጥነት አለው፤ ትንሽ ፓይለት ይበቃዋል፣ ትልቅ ቢይዝ እንዲያውም ፓራሹቱ በኃይል ተከፍቶ ይመታዋል። ከዝቅተኛ ቦታ የዘለለ ሰው ግን ፍጥነት ሳያገኝ ነው የሚወረውረው። ያለችውን ጥቂት ንፋስ ሁሉ የሚሰበስብለት ትልቅ ፓይለት ያስፈልገዋል።

የቦስኒያዊው ፓይለት የገደል ነበር፤ ስፋቱ ከትሪ ብዙም አይበልጥ። ጂ ፕላስ አሥራ ስምንት ደግሞ ቀና ብሎ ለሚያየው ሰው ረጅም ነው እንጂ ለዘላይ አጭር ነው፤ ስልሳ ሜትር ቢሆን ነው። ፓይለቱ ፓራሹቱን አውጥቶ ሳይጨርስ መሬት ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ልዑልቃል ሂሳቡን ታክሲ ውስጥ ሠራው፣ ገመድ ላይ ሠራው፣ አልጋው ላይ ሠራው። መልሱ እንደ ቀኑ ነበር። ፀሐይ ሲሆን ይበቃል፤ ሲደምን አይበቃም።

ትልቅ ፓይለት ከውጭ ማዘዝ ይችል ነበር። እስኪመጣ፣ ከዚያ ጉምሩክ ይሄ ምንድነው ብሎ ጠይቆ እስኪረካ ግን መሬቱ አይጠብቅም። ቀያሾች መመላለስ ጀምረዋል። አንዱን አስቁሞ ጠየቀው። በቅርቡ አጥር ይገባል፣ ከዚያ ቁፋሮ ነው አለው።

ዕቃውን ከዱባይ ጠቅልሎ ያመጣበት የተቀደደ አሮጌ ፓራሹት ነበረው። ከሱ ላይ ደህና ደህናውን ቆርጦ ወደ መስቀል ፍላወር ሄደ፣ እትዬ ሙሉነሽ ዘንድ።

እትዬ ሙሉነሽ ሸራ ሰፊ ናቸው። ድንኳን፣ የመኪና ሸራ፣ የካፌ ጥላ ይሰፋሉ። የድሮ ጎረቤቱ ናቸው፤ የሰፈሩ እድር ድንኳን የእሳቸው እጅ ነው፣ የእናቱ ለቅሶም የተቀመጠው በእሱ ሥር ነው። ሰፈሩ ሲበተን እድሩ አልተበተነም። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በኪራይ ፒካፕ ተጭኖ ኮንዶሚኒየም ድረስ ይሄዳል።

ለምን እንደሚፈልገው አልነገራቸውም። ለማስታወቂያ ነው፣ ከፎቅ ላይ የሚንሳፈፍ አለ። ከላይ ጨርቅ፣ ከሥር መረብ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ሥዕል አሳያቸው። ቀዳዳውን አልወደዱትም። ዝናብ ያስገባል አሉ። ዝናብ አያገኘውም አላቸው።

"አዲስ አበባ ውስጥ ዝናብ የማያገኘው ምን ነገር አለ?" አሉና እንደፈለገው ሰፉለት።

እሑድ ማለዳ የሥራቸውን ፒካፕ ዘርአይ ነዳለት። ልዑልቃል ሊዘል ማሰቡን ነግሮት ነበር፤ ዘርአይ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ጨዋታ አድርጎት ነበር። ልዑልቃል ከኋላ ተቀመጠ። ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ ጥብጣቡን በጓንት ጨብጦ አዲሱን ፓይለት ለቀቀው። ፓይለቱ ንፋስ ጠጥቶ ጧ አለና ክንዱን ሳበው። ጥሩ ጉልበት ነበረው። ወዲያው ግን መዞር ጀመረ፤ እንደ እንዝርት ዞረ፣ ጥብጣቡም አብሮ ተገመደ።

የሚዞር ፓይለት ፓራሹቱን ቀጥ አድርጎ አያወጣም። ፓራሹቱ ጠሞ ከተከፈተ ዘላዩ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። ገደል ላይ ይሄ ሊያስቀይም ይችላል፤ ፎቅ ጀርባህ ላይ ሲሆን ግን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው።

እቤቱ ገብቶ ፓይለቱን ወለል ላይ ዘረጋው። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ በክር ለካ። አንደኛው ከሌሎቹ በጣት ውፍረት ይሰፋል። ያንኑ ጠዋት በእግሩ መስቀል ፍላወር ደረሰ።

"እትዬ፣ አንዱ ቁራጭ ሰፍቷል" አላቸው ከበሩ።

"አውቃለሁ። ያሰፋሁት እኔ ነኝ።"

ቀጥለው አስረዱት። ድንኳን አራቱም ጎኑ እኩል አይሰፋም። በዝናቡ አቅጣጫ ለሚሆነው ጎን አንድ ጣት ይጨመርለታል፣ ውሃው በዚያ በኩል ይሄዳል። ያስተማሯቸው ሰው እንዲህ ነው ያስተማሯቸው፤ አሁን እጃቸው ሳይጠየቅ ይጨምራል። እኩል የሆነ ድንኳን ውሃ ያቁራል፣ ውሃው ለቀስተኛ አናት ላይ ይፈርጣል።

"ይሄ ድንኳን አይደለማ።"

"ታዲያ ምንድነው? ለማስታወቂያ ብሎ፣ ለአንድ ጣት እስከዚህ በእግሩ የሚመጣ ሰው አላየሁም።"

ወንበር ሰጡት፣ አልተቀመጠም። ቆሞ ነገራቸው። ሲጨርስ እትዬ ሙሉነሽ እግራቸውን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሡ። አልጮሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ይቺ ትንሿ ናት ትልቁን የምታወጣው? አዎ አላቸው።

"ልጅ እናቱን የሚጎትት ነገር ነው በለኛ። እናትየዋ አልነሣም ብትልስ?"

ልዑልቃል የፓይለቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

"ያን ጊዜ ድንኳንህ የኔ ሥራ ነው። ሁለቱንም እኔ ልስፋው?"

መሬቱ ሊታጠር መሆኑን ነገራቸው። ይታጠር አሉ። የእኛ ግቢ ነው እኮ እትዬ አላቸው።

"የእኛም ነበር። እኔ ከሰማይ ልወድቅበት አላማረኝም።" ጨርቁን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ደግሞ ሰው መቼም አመለጠውና ወደቀ አይልልህም። ራሱን ወረወረ ነው የሚባለው። ቄሶቹ ፍትሐት የለውም ካሉ ማን ሄዶ ያስረዳልሃል? እኔ ነኝ? ልጅየው እናቱን ሊጎትት ነበር፣ አልደረሰም ብዬ?"

ልዑልቃል ስለ ንፋሱ አስቦ ነበር። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ሕንፃው ጥበቃ አስቦ ነበር። ቄስ በሂሳቡ ውስጥ አልነበረም።

እትዬ ሙሉነሽ ፓይለቱን የስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አስተካክለው እንደሚሰፉት ነገሩት። መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀ።

"ሳበቃ" አሉ።

በማግስቱ ሳያበቁ ቀሩ። በሦስተኛውም ቀን። ልዑልቃል ከሥራ መልስ ይሄዳል፣ በር ላይ ይቆማል፣ እትዬ ሙሉነሽ የካፌ ጥላ እየሰፉ ቀና ብለው አይተውት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ተመልሶ ይሄዳል። ጨርቆስ አይገባም፤ በኦሎምፒያ ዞሮ ካዛንቺስ ይወጣል፣ መሬቱን ያያል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ምሳ ላይ ሹካ ይዞ ይረሳዋል። ዘርአይ፣ አንተ ሰውዬ ወይ ብላ ወይ ተነሥ አለው አንድ ቀን። ተነሣ።

ያን ሳምንት ገመድ ላይ እያለ አንድ አይሱዙ ከጂ ፕላስ አሥራ ስምንቱ ሥር ቆሞ የአጥር ብረት ቋሚ ሲያራግፍ አየ። ቆርቆሮውም ተደርድሯል። ወደ ጣሪያው ወጣና ለዘርአይ ነገረው። ነገ ማለዳ ነው፣ በገደሉ ፓይለት ነው የምዘለው አለው። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፣ ጠርዙ ላይ ቁምና የጥብጣቡን ጫፍ ያዝልኝ፣ ስወድቅ ተወጥሮ ፓራሹቱን እስኪያወጣው ድረስ ብቻ፣ ከዚያ ልቀቀው። እጅ ካለ የፓይለቱ ማነስ ችግር የለውም። አጣፊዎቹ ዝቅተኛ ቦታ ሲሆን አንዱ ለሌላው እንደዚያ ይይዝለት እንደነበር አስረዳው።

ዘርአይ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ጠቅልሎ ጨረሰ።

"እኔ የምይዘው ሰው እንዳይወድቅ ነው" አለ። "እንዲወድቅ አልይዝም። በቃ።"

"እንግዲያው ብቻዬን ነኝ።"

ዘርአይ ገመዱን ተሸክሞ ወረደ።

ማለዳ ፀሐይ ነበር። ልዑልቃል ይበቃል አለ። የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ ከረጢቱን አንግቶ ጂ ፕላስ አሥራ ስምንቱ ዘንድ ሄደ። ጥበቃው ገመድ ሠራተኛ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ መስታወቱ ሊገባ ነው እንዴ ብሎ አሳለፈው። ደረጃውን ወጣ። ጣሪያው ላይ ግንበኞች ትተውት የሄዱት የአሸዋ ክምርና የተሰበረ ባሬላ አለ። ቀበቶዎቹን አጠበቀ፣ የገደሉን ፓይለት በቀኝ እጁ ያዘ፣ ወደ ጠርዙ ሄደ።

ታች አጥር ሠራተኞቹ ቁፋሮ ጀምረዋል፤ በስተግራ በኩል ብዙ ቋሚ ተተክሏል። መሀሉ ባዶ ነው። የድሮ ግቢያቸው የት እንደነበር ለማወቅ ሞከረ። ልኩን ማግኘት አልቻለም፤ ከነበሩት አንድ ዛፍ እንኳ የለም። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ከፍታ ላይ ሲወጣ ይረጋል ብሎ ነበር፤ ሁልጊዜ ይረጋል። ቆሞ ጠበቀው። አልረጋም።

ከኋላው የሰው ትንፋሽ ሰማ። ዘርአይ ነበር፣ ትከሻው ላይ ገመድ፣ እጁ ውስጥ ባዶ ማዳበሪያ።

"አውልቅ" አለው።

"አላወልቅም።"

"አዲስ ቦታ ነው። ደንቡን ታውቃለህ። አሸዋው ይቅደም።"

ልዑልቃል ያለው ፓራሹት አንድ መሆኑን አስታወሰው። አሸዋው ከዘለለበት እንደገና ታች ወርዶ ማንሣት፣ እንደገና ማጠፍ አለበት፤ እስከዚያ አጥሩ ይገጥማል። ዘርአይ አዳመጠው። ከዚያ በረጋ ድምፅ ነገረው፤ አሸዋው በደህና ካረፈ ጥብጣቡን እይዝልሃለሁ። ዛሬ ካልሆነ ሌላ ፎቅ እንፈልጋለን፣ እዚያም እይዝልሃለሁ። ቃሌ ነው።

ልዑልቃል አወለቀ።

ማዳበሪያውን በእጃቸው ሞሉት። የልዑልቃልን ክብደት እስኪመስላቸው እያነሡ ለኩት። ዘርአይ ቀበቶዎቹን አልብሶ በገመድ አጠላለፈው፤ ቋጠሮውን እንደ ሰው ቋጠሮ ሁለቴ ፈተሸ። ጠርዙ ላይ አቆሙት። ዘርአይ ገፋው። ልዑልቃል ራሱ እንደሚያደርገው ሁሉ ፓይለቱን ወደ ጎን ወረወረ።

ማዳበሪያው ወረደ። ፓይለቱ ተንሳፈፈ፣ ዘግይቶ ሞላ፣ ጥብጣቡ ተወጠረ። ከረጢቱ ተከፈተ። ፓራሹቱ ወጣ፤ እንደ ረጅም ገመድ ሆኖ ወጣ። ጫፉ ላይ ትንሽ ማበጥ ጀምሮ ነበር፣ ማዳበሪያው መሬት ሲደርስ።

ድምፁ ጥቂት ቆይቶ ደረሳቸው። አቧራ ተነሣ። ፓራሹቱ ያን ጊዜ ነው ነፋስ ያገኘው። ተዘረጋ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ማዳበሪያውን ሸፈነው።

ሁለቱም ወደ ታች ሲያዩ ቆዩ። የልዑልቃል ጉልበት መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር።

ዘርአይ ከጃኬቱ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አወጣ። ትናንት ማታ እትዬ ሙሉነሽ ዘንድ ሄዶ ነበር። የሰፉትን ፓይለት ሰጥተውታል፤ አሸዋው ሳይወርድ እንዳትሰጠው ብለውታል። ልዑልቃል ቁራጮቹን በአውራ ጣቱ እየሄደባቸው ለካ። እኩል ናቸው። አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ እንዳለ ነው።

"ከትናንት ጀምሮ አልቆ ነበር?"

"አልቆ የቆየ ነው የሚመስለኝ" አለ ዘርአይ።

ሲወርዱ አጥር ሠራተኞቹ ፓራሹቱን ከበው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያማትባሉ።

"ማነው ልጄ?" ብለው ዘርአይን ጠየቁት።

"አሸዋ ነው አባባ።"

ሽማግሌው ጨርቁን ገለጥ አድርገው የፈነዳውን ማዳበሪያ አዩ። ተቆጡ። ሰው መስሎኝ አነባሁ እኮ፣ ምን ዓይነት ቀልድ ነው ይሄ አሉ። ልዑልቃል ይቅርታ ጠየቃቸው። ባርኔጣቸውን መልሰው አጥልቀው ወደ ቁፋሯቸው ሄዱ፤ እየሄዱም ያጉረመርማሉ።

ፓራሹቱ አልተነካም። ቀበቶው ግን የጭኑ ማሰሪያ ከሥሩ ተተርትሮ ነበር። ልዑልቃል ያንኑ ዕለት መስቀል ፍላወር ወሰደው፤ እንደዚያ ዓይነት ወፍራም ቀበቶ የሚበሳ መርፌ ያለው ሌላ ሰው አያውቅም። እትዬ ሙሉነሽ ተቀበሉት፣ አገላብጠው አዩት፣ ስለ አሸዋው አንድም ነገር አልጠየቁም። መቼ እንደሚያልቅ ጠየቃቸው።

"ሳበቃ" አሉ።

አጥሩ በዚያው ሳምንት ገጠመ። ከኋላው ኤክስካቫተር ይሰማል። እትዬ ሙሉነሽ እስካሁን አላበቁም። ልዑልቃል ሲሄድ ቀበቶው ግድግዳው ላይ ከእድሩ ድንኳን ገመድ ጎን ተሰቅሎ ያየዋል። እየተሰፋ ነው ይሉታል። በሌላ ሰው ማሰፋት እንደሚችል ያውቃሉ፤ እሱም ያውቃል። አልወሰደውም። አዲሱን ፓይለት ግን ከጃኬቱ ኪስ አያወጣውም። ትክክል መሰፋቱን፣ ከዝቅተኛ ቦታ ፓራሹቱን በጊዜ ያወጣው እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ አላገኘም። ማኪያቶውን ዛሬም ቆሞ ይጠጣል። ገመድ ላይ ሆኖ አንዳንዴ ፊቱን ያዞራል፣ በማዶ ያሉትን ፎቆች ከላይ እስከ ታች ያያል፣ ከሥራቸው ምን እንዳለ ያያል።

ዘርአይ ከላይ ሆኖ ያየዋል። አይናገረውም። ፒካፑ ላይ ግን ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ አለ፤ አሥር ጊዜ ወደወረዱበት ሆቴል ሲሄዱም አያወርደውም። ልዑልቃል ከባድ ነው፣ ነዳጅ ይበላል ይላል።

"ይብላ" ይላል ዘርአይ።